ደረቋ ነሽ ወይስ እርጥቧ?

ይህን ታሪክ ከማንም አልሰማሁትም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ለማመን የሚቸገር ካለ አልቀየመውም... እኔም ሌላ ሰው ቢያወራኝ ስቄ ነበር የማልፈው።

ቀኑ አርብ ነው። ወሩ ህዳር። ሰዓቱ ከቀኑ አስር ሰዓት። ቦታው በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለች አንዲት ትንሽ የባህር ዳር ከተማ ናት። እዚያ በህዳር ወር፣ አስር ሰዓት ሲሆን መንገዱ ላይ መብራት ይበራል።

ስሜ ወይንሸት ነው። እነሱ ግን "ዌንዲ" ነበር የሚሉኝ። ያወጣችልኝ ሞሪን ናት።

"የኔ ማር፣ ስምሽን አስተካክዬ እስክጠራው ሻዬ ይቀዘቅዛል" ብላ።

ሞሪን የምኖርበት ቤት ኃላፊ ናት። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ስድስት አዋቂዎች የሚኖሩበት ቤት ነው። እኔ ደግሞ በጎ ፈቃደኛ ነኝ። ምግብና ማደሪያ ይሰጡኛል፣ እኔም አብሬያቸው እውላለሁ። አበስላለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ፣ ካርታ ተጫውቼ እሸነፋለሁ፣ በእግር ይዣቸው እወጣለሁ።

ይዤው የምወጣው በተለይ ክላይቭን ነበር።

ክላይቭ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። አጭር ነው፣ ደንደን ያለ፣ ሳቂታ። ለሚያልፈው መኪና ሁሉ እጁን ያውለበልባል። ሹፌሩ ካልመለሰለት "ባለጌ!" ይላል።

ከምሳ በኋላ ቦት ጫማውን አጥልቆ በር ላይ ይጠብቀኛል። ውሃውን ለመከልከል የተሠራውን የባህሩን ግንብ ይዘን እንሄዳለን፣ ዴኒዝ ሱቅ ቺፕስ እንገዛለን፣ አቼቶውን እላዩ ላይ ያንቆረቁረዋል፣ እየበላን እንመለሳለን።

በየቀኑ እንደዚያ ነው።

እዚያ ያለው ባህር ይሸሻል። ውሃው ይሄድና ዓይን እስኪደክም ድረስ ጭቃ ብቻ ይቀራል። ሲመለስ ደግሞ ከፊት ለፊት ብቻ አይመጣም... በጎን ይዞርና ከኋላ ይከባል። ጭቃው ላይ ወርዶ መሄድ ክልክል ነው። ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል።

ክላይቭም ያውቀዋል።

ነገሩ የጀመረው አንድ ቀን ልንወጣ ስንል ነው። አንገት ልብሱን እየጠመጠምኩለት ነበር።

"ዛሬ የትኛዋ ነሽ?" አለኝ።

"የትኛዋ ማለት?"

"ደረቋ ነሽ ወይስ እርጥቧ?"

ሳቅኩ። "ለጊዜው ደረቋ ነኝ። ዝናቡ ከመጣ ግን አላውቅም።"

እሱ አልሳቀም... በሁሉም ነገር የሚስቀው ሰውዬ።

"ጥሩ" አለ። "እርጥቧ ቶሎ ቶሎ ነው የምትራመደው። እግሬን ያመኛል።"

ረሳሁት።

ከዚያ በሳምንቱ ዴኒዝ ሱቅ ገባን። ዴኒዝ ምላሷ የማያርፍ ሴትዮ ናት። ገና ስታየኝ የቺፕስ ማውጫውን አስቀመጠች።

"አንቺ! ትናንት ምን ነክቶሽ ነው?"

"ትናንት?"

"ወለሌን በውሃ ሞልተሽው ሄድሽ እኮ! ምን ልስጥሽ ስልሽ ዝም። ሰላም ስልሽ ዝም። ተጣልተናል እንዴ?"

"ዴኒዝ፣ ትናንት አልወጣሁም። ክላይቭን ጉንፋን ይዞት ቤት ነው የዋልነው።"

"እንግዲያው መንታ አለሽ። ያንን ቢጫ ጃኬትሽን ለብሳ... ቆብ እስከ አፍንጫዋ።"

እየሳቀች ቺፕሱን ሰጠችኝ።

ዞሬ ክላይቭን አየሁት። ወለሉን እያየ ነው። ዴኒዝ ፊት ለፊት ያለውን ቦታ፣ ሰው የሚቆምበትን።

"እዚህም መጣች?" አለኝ በሹክሹክታ።

ያን ቀን ቺፕሱን አልጨረሰም።

በማግስቱ ጠዋት ጃኬቴን ከመስቀያው ሳነሳው... እርጥብ ነው።

ዝም ብሎ እርጥብ አይደለም። ይንጠባጠባል። እጅጌው ውስጥ ጥቁር ጭቃ አለ። ሲሸት የባህር ሽታ ነው።

ሌሊቱን ዝናብ አልነበረም። እኔም አልወጣሁም።

ከሰዓት በኋላ ክላይቭን ግንቡ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ አስቀመጥኩትና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ክላይቭ... እርጥቧን የት ነው የምታገኛት?"

"ቀስ ብለሽ አውሪ።"

"እሺ። የት ነው?"

"መስኮቴ ጋ ትመጣለች። ስትቆም ጠብ... ጠብ... ጠብ ይላል።"

"ምን ትልሃለች?"

"አታወራም። እጄን ትይዘኛለች። እጇ ይበርዳል።"

"ከዚያስ?"

በአገጩ ወደ ጭቃው አመለከተኝ። ወደ ውስጥ... ውሃው ወደሸሸበት።

"ወደዚያ እንሂድ ትላለች። በጣቷ።"

"ሄደህ ታውቃለህ?"

"እስከ ግንቡ ብቻ።"

"ክላይቭ፣ ስማኝ። ከእሷ ጋር እንዳትሄድ።"

ግራ ተጋብቶ አየኝ።

"አንቺ እኮ ነሽ" አለኝ።



ማታ ለሞሪን ነገርኳት። ሻይ ቀድታ ፊቴ አስቀመጠችና እስክጨርስ ሰማችኝ።

"የኔ ማር፣ ክላይቭ ባለፈው ሳምንት ፖስተኛው አጎቱ እንደሆነ ነግሮኛል።"

"ዴኒዝስ?"

"ዴኒዝ መነጽሯን ታድርግ።"

"ጃኬቴስ?"

"ይሄ ቤት ምኑ የማይረጥብ አለ? ግድግዳው ራሱ ያለቅሳል።" እጄን መታ መታ አደረገችኝ። "ደክሞሻል። ቅዳሜና እሁድ እረፊ።"

ለሁሉም መልስ ነበራት። 

አርብ መጣ።

ከሰዓት በኋላ ጉም ከባህሩ ተነስቶ ከተማዋን ሸፈናት። ከመስኮት ማዶ ያለው ቤት አይታይም። "ዛሬ አንወጣም" ብዬ ክላይቭን ቴሌቪዥን ፊት አስቀመጥኩትና ምድር ቤት ወርጄ ልብስ ማጠፍ ጀመርኩ።

የልብስ ማጠቢያው ማሽን ይጮሃል። ምንም አይሰማም።

ሞሪን በሩን ከፍታ ገባች። አየችኝ። ቆመች።

"አንቺ... እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ልብስ እያጠፍኩ።"

"ክላይቭስ?"

"ላይ ነው። ቴሌቪዥን እያየ።"

ፊቷ ተለዋወጠ።

"ዌንዲ፣ አትቀልጂብኝ። አሁን በመስኮት አየኋችሁ። እጁን ይዘሽው በበሩ ስትወጡ... እጄን አውለበለብኩልሽ።"

"እኔ አይደለሁም..."

"አንቺም አውለበለብሽልኝ!"

በእጄ የያዝኩት አንሶላ ወደቀ።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ቴሌቪዥኑ በርቷል። ወንበሩ ባዶ ነው። የክላይቭ ቦት ጫማ የለም።

መስቀያውን አየሁ።

ጃኬቴም የለም።

በሹራብ ብቻ ወጣሁ። "ክላይቭ!" እያልኩ ቁልቁለቱን በሩጫ ወረድኩት። ጉሙ ድምፄን ይውጠዋል። ግንቡ ጋ ስደርስ ውሃው ሩቅ ነበር... ግን ይሰማል። እየመጣ ነው።

የግንቡን ደረጃ ወርጄ ጭቃው ላይ ስቆም ዱካ አየሁ።

የሁለት ሰው። አንደኛው የቦት ጫማ ነው።

ሌላኛው... ባዶ እግር።

ተከተልኩት። ጭቃው እግሬን ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይይዛል። ወደኋላ ዞር ስል ግንቡ ጠፍቷል። ዙሪያዬን ነጭ ነው።

ከዚያ አየኋቸው።

ሁለት ሰው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ይሄዳሉ። አንዱ አጭር፣ ደንደን ያለ። ሌላኛዋ በቁመት እኔን የምታክል። ቢጫ ጃኬት። ቆቡ ተደፍቷል። እጅ ለእጅ ተያይዘዋል።

"ክላይቭ!"

እሱ ቆመ። እሷም ቆመች።

እሱ ዞረ።

እሷ አልዞረችም።

"ዌንዲ?" አለኝ። ከዚያ ወደ ጎኑ፣ ቆቡ ስር አየ። መልሶ እኔን አየ። የማን ፊት እንዳየ እስከ ዛሬ አላውቅም።

"ክላይቭ፣ ና ወደ እኔ!"

"እሷ ቀድማ መጣች" አለኝ። ተራ እንደሚጠብቅ ሰው።

አንድ እርምጃ ስሄድ ጭቃው እስከ ጉልበቴ ዋጠኝ። እግሬን ላወጣ ስታገል ሁለተኛውም ገባ። ውሃ ከኋላዬ በቀጭኑ መጣና በጎኔ አለፈ። ቀዝቃዛ።

መጮህ አቃተኝ። አለቀስኩ። እንደ ሕፃን ልጅ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ክላይቭ ሰው ሲያለቅስ ማየት አይችልም። ቤት ውስጥ አንዱ ካለቀሰ የያዘውን ጥሎ ወደ እሱ ነው የሚሄደው።

ወደ ጎኑ ዘንበል ሲል አየሁት።

"አንዴ ቆይኝ" አላት በትህትና። "ዌንዲ እያለቀሰች ነው።"

እጁን ሲጎትት አልለቀቀችውም። ደግሞ ጎተተ። ለቀቀችው።

መጥቶ በሁለቱም ብብቴ ስር ያዘኝ። ሲጎትተኝ ጭቃው ጫማዎቼን አስቀረና ለቀቀኝ። በግንባሬ ተደፋሁ። ተነሳሁ። እጁን ያዝኩት። በረዶ ነበር።

"አትዙሪ" አለኝ።

"እየመጣች ነው?"

"ዝም በይ... አዎ።"

ተራመድን። ውሃው ቁርጭምጭሚታችን ደረሰ። ከኋላችን ሌላ የእግር ድምፅ አለ። ጭልቅ... ጭልቅ... ጭልቅ። አይፈጥንም፣ አይዘገይም።

ከዚያ ቆመ።

"የት ሄደች?" አልኩት።

ክላይቭ ጉሙን አየ።

"ቀደመችን" አለኝ።

ግንቡ ጋ ስንደርስ ውሃው ወገባችን ደርሶ ነበር። አንድ ውሻውን ያንሸራሽር የነበረ ሰውዬ ሁለታችንንም ስቦ አወጣን።

ቤት ስንደርስ ሞሪን በሩ ላይ ቆማለች። ስልክ በእጇ ይዛለች። ክላይቭን አቀፈችው፣ አገላብጣ ሳመችው፣ በፎጣ ጠቀለለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እንደዚያ ዓይነት ዓይን ከሞሪን አይቼ አላውቅም።

"ቅድም ብቻሽን ስትገቢ አየሁሽ። ጭቃው ላይ ትተሽው ተመለስሽ" አለችኝ። "ብቻውን።"

"ሞሪን፣ እኔ ይዤው አልወጣሁም! ምድር ቤት ነው ያገኘሽኝ!"

"ይሄስ?"

መስቀያውን አሳየችኝ።

ቢጫው ጃኬቴ ተሰቅሏል። ከጫፉ ውሃ ይንጠባጠባል።

ጠብ... ጠብ... ጠብ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጄ ወጣ። የድርጅቱ ሰዎች መጡ፣ ተሰበሰቡ፣ ጠየቁኝ። ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው። አንደኛዋ "ሐኪም ብታዪ ጥሩ ነው" አለችኝ በለዘበ ድምፅ። ክላይቭንም አስጠርተው ጠየቁት።

"ወደ ጭቃው ማን ወሰደህ?"

"ዌንዲ" አላቸው።

የትኛዋ ብሎ የጠየቀ ግን የለም።

"እዚህ ልትቆዪ አትችዪም" አሉኝ። ስለ ራሴ ብዙም አላዘንኩም። ያሳዘነኝ ክላይቭ ነው። እሱን ማን ይጠብቀዋል?

የምሄድ ቀን ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ፀሐይ ወጥታለች። ሞሪን ራሷ ነች በመኪናዋ ባቡር ጣቢያ ያደረሰችኝ። ክላይቭም አብሮን መጣ። ሻንጣዬን አልሰጥም ብሎ ሲያስቸግር ቆየ፣ ከዚያ ሰጠኝና ፊቱን አዞረ።

ሞሪን አቀፈችኝ።

"ክፉ ልጅ አይደለሽም" አለችኝ።

ጆሮዋ ላይ ተጠግቼ፣ "ክላይቭን ለማንም አትስጪው" አልኳት። "እኔን ብትመስልም።"

ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። 

ባቡሩ ውስጥ ገብቼ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። ከዚያ የመኪና ማቆሚያው ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ወደ መኪናው ሲመለሱ አየኋቸው። ሞሪን የፊቱን በር ከፍታ ክላይቭን አስገባችው። ቀበቶውን አሰረችለት። ዘጋችው።

ከዚያ ወደ ኋላው በር ሄደች።

ከፈተችው።

ይዛው ቆመች። ሰው እስኪገባ እንደሚጠብቅ ሰው።

ማንም አልነበረም። በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ፣ ማንንም አላየሁም። ሞሪን ግን ፈገግ አለች። አንድ ነገር ተናገረች። ከዚያ የልብስ ጫፍ እንዳይይዝባት ጎንበስ ብላ አየችና፣ በሩን በቀስታ ዘጋችው።

ተነስቼ መስኮቱን ደበደብኩት። "ሞሪን! ሞሪን!"

ባቡሩ ተንቀሳቀሰ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ክላይቭን ነው። የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ እኔ ያያል። ለሚያልፍ መኪና ሁሉ እጁን የሚያውለበልበው ክላይቭ፣ ለእኔ ባቡር አላውለበለበም።

አንደኛው እጁ ወደ ኋላ ተዘርግቶ ነበር... በሁለቱ ወንበሮች መሃል።

ጣቶቹ ተጨብጠዋል።