ሰባት ቁጥር የምትቆምባቸው ቦታዎች

ሰባት ቁጥር እንግዳዋን ተሸክማ ዳገቱን ወጣችና አፋፉ ላይ ተገትራ ቀረች።

በጅብራ አምባ መዝናኛ ተራራው የሚወጣው በ«እግረኛ ወንበር» ነው፤ ባለ ስድስት እግር፣ ከተሳፋሪዋ ጠባይ እየተማረች የምትራመድ ማሽን። ሌሎቹ ወንበሮች በሰላም ሲመላለሱ ሰባት ቁጥር ብቻ መንገድ ላይ መቆም አመጣች።

«እስከ እኩለ ቀን ካልተስተካከለች የተማረችው ሁሉ ይደምሰስ» አሉ ሥራ አስኪያጁ አቶ ሽባባው።

ጠጋኟ ትርንጎ የአሥር ዓመት ትምህርት እንዲሁ ማጥፋቱ ከበዳትና መዝገቡን ከፈተች። ማሽኗ የምትቆምበት ቦታ እንደ ወቅቱ ይለያያል። በመስከረም አደይ አበባ ከለበሰው መስክ ፊት፤ በጥር ማለዳ ውርጩ የጅብራ ተክሎቹን ብር ካስመሰለበት ቦታ፤ በሚያዝያ ነጭ ካበበው የአስታ ጫካ ሥር፤ በሐምሌ ገደሉ በጉም ተሞልቶ ፏፏቴው በድምፁ ብቻ ከሚታወቅበት ጠርዝ። ትርንጎ አምስት ዓመት ስትሠራ አንዱንም ቆማ አላየችውም።

ልማዱ የተጀመረው ከአንድ እንግዳ ነበር፦ በየወቅቱ ሳያሰልሱ ይመጡ ከነበሩ ጋሽ ደምለው ከሚባሉ ጡረተኛ ልብስ ሰፊ። ደወለችላቸው።

«ጋሽ ደምለው፣ ቦታዎቹን እንዴት መረጧቸው?»

ሽማግሌው ሳቁ። «ምኑን መረጥኩት ልጄ! ተሸክማኝ መውጣቷን ጠላሁና የወንበሯን ክንድ ይዤ በእግሬ ነበር የምወጣው። ትንፋሼ ሲያጥር ‹ቁሚ› እላታለሁ። ቀና ስል ያ ሁሉ ጉድ ተዘርግቶ አየዋለሁ! ኋላ ኋላ ሳይደክመኝም መቆም ጀመርኩ።»

ትርንጎ አቶ ሽባባውን ሰባት ቁጥር ላይ አስቀመጠቻቸውና አብራቸው ወጣች። አፋፉ ላይ ማሽኗ ቆመች።

«ይኸው! ስንት ደቂቃ ልትገተር ነው?»

«አራት።»

ሰዓታቸውን አዩ። ደግመው አዩ። ከዚያ ቀና አሉ። ከእግራቸው ሥር እስከ ገደሉ አፍ ድረስ መስኩ ቢጫ ሆኖ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሣል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች አበባው መሐል ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ።

«ይሄ መስክ... ሁልጊዜ እዚህ ነበር?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«በየዓመቱ።»

አራቱ ደቂቃ አልቆ ማሽኗ እግሯን ስታነሣ አቶ ሽባባው ክንዷን መታ መታ አደረጉ። «ቆይ፣ ቆይ እንጂ! አንቺ ትርንጎ፣ ምኗንም አትንኪባት። ይልቅ ለሌሎቹም አስተምሪያቸው።»

የትርንጎ ዓይን መስኩ ላይ ነበር። ሰው እንዳይደክመው ብለው የሠሯት ማሽን፣ ውበት ፊት መቆምን የተማረችው ከደከመው ሰው ነበር።