እንዶድና የፈላ ውሃ

«ቦኖው ጋ ስትለፈልፊ የነበርሽው አንቺ ነሽ አይደል?» አለ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ደመቀ።

 አዎ፣ ዋጋነሽ ለፍልፋለች። ትናንት ቀራንዮ ቦኖው ጋ ባልዲዋን ይዛ ተሰልፋ ሳለ ጉራዋ አላስችል ብሏት፣ «ጋሼ አምሐ ያሳዩን መድኃኒት እኮ አንድ ጣሳው የወንዙን ቀንድ አውጣ ሁሉ ይፈጃል!» ብላ ነበር። ከኋላዋ የቆመው አብዮት ጥበቃ ሰማ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ገና ሳይመሽ የሳይንስ አስተማሪዋ ጋሼ አምሐ ከክፍል በጠብመንጃ ተወሰዱ። የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ያሉበት ብርጭቋቸውም አብሮ ተወሰደ።

አሁን ጋሼ አምሐ እዚሁ የቀበሌው አዳራሽ፣ ጥግ ያለ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ቀበቷቸውን ወስደውባቸዋል። ዋጋነሽ ቀና ብላ ልታያቸው ፈራች።

«እንዶድ ነው ጓድ ሊቀመንበር» አለች። «ለቢልሃርዝያ ነው። በሽታውን የሚያመጣውን ቀንድ አውጣ ለማጥፋት…»

«እንዶድማ እናቴም ልብስ ታጥብበታለች! ማንን ገደለ? ይሄ ለቦኖው ውሃ የተዘጋጀ መርዝ ነው።» ከትምህርት ቤት የመጣውን የተወቀጠ ደረቅ እንዶድ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች የያዘ ጣሳም አጠገቡ አስቀመጠ። «በይ እዚሁ ዓይኔ እያየ ሥሪው። ነገ ጠዋት ቀንድ አውጣዎቹ ካልሞቱ አስተማሪሽ ቤቱ ይገባል። ከሞቱ ጉዳዩ ወደ ከፍተኛ ነው።»

ዋጋነሽ ከቀበሌው በላይ ያለው ከፍተኛ ምን እንደሆነ ታውቃለች። የጎረቤታቸው የጋሽ ነገሬ ልጅ ወደ ከፍተኛ እንደተወሰደ ቀርቷል። እናቱ ድምፅ አውጥታ እንድታለቅስ እንኳ አልተፈቀደላትም። እንዶዱ ደግሞ በደንብ ከተዘፈዘፈ ቀንድ አውጣዎቹ ይሞታሉ። ይህን ከእሷና ከጋሼ አምሐ በቀር እዚያ ቤት የሚያውቅ የለም።

የከሰሉ ምድጃ ላይ የጥበቃዎቹ የሻይ ማንቆርቆሪያ ይንተከተካል። ዋጋነሽ እንፋሎቱን ስታይ ያ የክፍል ጉዷ ትዝ አላት።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ አምሐ እንዶዱን በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፉ ሲሉ፣ እሷ እናቷ ከበደች ጋቢ ስታጥብ እንደምታደርገው የፈላ ውሃ ቸለሰችበት። ሲበርድ ቀንድ አውጣዎቹን ጨመረች። በማግስቱ የሌሎቹ ልጆች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲገኙ፣ የእሷዎቹ የብርጭቆው ጠርዝ ላይ ወጥተው ይንሸራሸሩ ነበር። «ፋራ! ገላቸውን ነው እንዴ ያጠብሽላቸው?» ብሎ ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ጋሼ አምሐ ግን አልሳቁም። «እንዶዱ ውስጥ ያለው ነገር እንዲሁ አይገድልም» አሉ። «ተወቅጦ ውሃ ሲያገኝ፣ እዚያው ፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም ይቆርጠውና ወደ ሌላ ነገር ይለውጠዋል። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ያ ነው። ኢንዛይም ደግሞ የፈላ ውሃ አይችልም። ዋጋነሽ፣ ሠራተኛውን ገደልሽውና ሥራው ቀረ።» ከዚያም በተወለዱበት ቆላ፣ ወንዝ ዳር የሚጫወቱ ልጆች ደም እንደሚሸኑ ነገሯቸው። 

«ምን ይገትርሻል?» ጓድ ደመቀ ጠረጴዛውን መታ።

«ያን የፈላ ውሃ ይስጡኝ» አለች ዋጋነሽ። 

«የፈላ ለምን?»

«እናቴ የምታደርገው እንዲህ ነው።» ይህስ ውሸት አልነበረም።

ማንቆርቆሪያውን ስታነሳ ጋሼ አምሐ ከጥጉ ቀና አሉ። «ዋጋነሽ፣ በፈላ…» ብለው ጀመሩ፤ የተማሪ ስህተት አይተው ዝም ማለት አያውቁበትም። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ጋሼ አምሐ አፋቸውን ገጥመው አንገታቸውን ደፉ።

እንዶዱን ብርጭቆ ውስጥ ጨምራ ውሃውን አፈሰሰችበት። አረፋው እስከ ጠርዝ ድረስ ፈላ።

«በይ ቀንድ አውጣዎቹን ክተቺ!»

«አይሆንም ጓድ ሊቀመንበር፣ ይብረድ። ትኩስ ውሃማ ያለ መርዝም ይፈጃቸዋል።» እምቢ ማለቷ ራሷን አስደነገጣት። ጓድ ደመቀ አፍጦ አያት፤ ከዚያ ሲጋራውን ለኮሰ። ብርጭቆው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ዋጋነሽ ዓይኗን አልነቀለችለትም። እንዶዱ የዛሬው በዝቶ ይሆን? ውሃውስ በደንብ ፈልቶ ነበር? እሷ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በስህተት ያየችው ነገር ነው።

በረደ። ቀንድ አውጣዎቹን አንድ በአንድ ከተተቻቸው። ሁሉም ቅርፊታቸው ውስጥ ተሸጉጠው ዝም አሉ። ጓድ ደመቀ ብርጭቆውን በሳህን ከድኖ፣ «ሂጂ ቤትሽ። ጠዋት ነይ» አላት።

በሩ ክፍት ነበር። ውጭ እናቷ ነጠላዋን ጭምድድ አድርጋ ይዛ፣ «ነይ፣ ቶሎ ነይ» እያለች በእጅዋ ትጠራታለች። ዋጋነሽ እስከ ደጃፉ ሄደች። ትናንት የለፈለፈችበት የቦኖው ሰልፍ ከዚያ ይታያል።

ተመለሰችና አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ ከጋሼ አምሐ ጎን ተቀመጠች። «እዚሁ እጠብቃለሁ» አለች።