ያለ መብራት የተነሳው ዘንግ

እኔ ወዳጄ፣ በጅንና በዛር ማመን ቀርቶ ሬዲዮ «ነገ ይዘንባል» ሲል እንኳ ወጥቼ ሰማዩን ሳላይ የማላምን ሰው ነኝ፣ ሥራዬ ኤሌክትሪክ ነው፣ ሽቦ ውስጥ ወይ ኃይል አለ ወይ የለም፣ ሌላ ነገር የለም ብዬ ነው የኖርኩት፣ አሁን የምነግርህን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ እሺ እሺ እያልኩ ሻዬን ጨርሼ ሹልክ እል ነበር።

በደርግ ጊዜ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነበርኩ፣ ስሙን ተወው። ለዋናው በር በኤሌክትሪክ የሚሠራ የመኪና ማገጃ በሣጥን ታሽጎ ከውጭ መጣ፣ ያንን ቀይና ነጭ የተቀባ ረጅም ዘንግ ያቆምኩት እኔ ነኝ፣ ሞተሩን የገጠምኩት፣ ሽቦውን ከመሬት በታች የቀበርኩት እኔ ነኝ። ዘበኛው ቤቱ ውስጥ ሆኖ ቁልፉን ይጫናል፣ ዘንጉ ብድግ ይላል፣ መኪናው ሲያልፍ ደግሞ ማንም ሳይነካው ራሱ ይወርዳል። ደሴ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም፣ እመነኝ፣ ከሐርቡ ለገበያ የመጣ ሰው ግመሉን አቁሞ ያየው ነበር፣ እኔም በዚያ በኩል ሳልፍ አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር የምሄደው።

ከሾፌሮቻችን አንዱ እንድሪስ ይባላል፣ ባለ ተሳቢ መኪና የሚነዳ፣ ሳቂታ ሰው። አንድ ቀን «ሰሜን ላለው ጦር ዕቃ አድርስ» ተብሎ ሄደ፣ በዚያው ቀረ። ሞተ ያለ የለም፣ ተማረከ ያለ የለም፣ መኪናው ተቃጥሎ ታየ ያለም የለም። ሚስቱ ዘሐራ እዚያው እኛ ጋ ፈትል ክፍል ትሠራለች፣ ለቅሶ አልተቀመጠችም፣ ምን ብላ ትቀመጥ።

በጋ ነበር፣ ጠብታ ዝናብ የሌለበት ወቅት። ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ የማታው ሽፍት ሊገባ ሲል፣ ዘበኛው አባ ይመር አስጠሩኝ።

«ልጄ፣ ይቺ ማሽንህ እኔ ሳልነካት ተነሳች» አሉኝ።

«ሳያውቁት ነክተዋት ይሆናል፣ አባ ይመር።»

«ወላሂ እጄ መቁጠሪያዬ ላይ ነበር። ከመነሳቷ በፊት ደግሞ ጠጠር ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፣ ከባድ መኪና መጥቶ ሲቆም እንደሚሰማው።»

ከፈትኩት፣ መረመርኩት፣ ምንም የለውም። በማግስቱ ራሴ ቆሜ ጠበቅሁ፣ በዚያው ሰዓት መጀመሪያ ጠጠሩ ተሰማ፣ ቀጥሎ የከባድ መኪና ፍሬን ሲለቀቅ የሚወጣው የአየር ድምፅ፣ ጭስስ፣ ከዚያ ዘንጉ ተነሳ። መንገዱ ባዶ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ያኔ እንኳ «ሽቦ ነው» አልኩ፣ ድምፁንም ከዋናው መንገድ የመጣ ነው አልኩ።

ወሬው የፋብሪካው የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ አበራ ጆሮ ደረሰ። ቢሮው አስጠራኝ።

«ያንን በር ማነው የሚከፍተው?»

«አላወቅሁም፣ ጓድ።»

«ማሽኑን የተከልከው አንተ ነህ። ተበላሽቶ ከሆነ ተበላሽቷል በል። ካልተበላሸ ግን አሻጥር ነው።»

አሻጥር የሚለው ቃል በዚያን ጊዜ ሰውን የት ያደርስ እንደነበር ታውቃለህ። ተበላሽቷል ብል እተርፍ ነበር፣ ግን በገዛ እጄ ያቆምኩትን ጤነኛ ማሽን እንዴት ብዬ ታሟል ልበል፣ አፌ እምቢ አለኝ። «ማሽኑ ደህና ነው፣ ነገ ይምጡና በዓይንዎ ይዩ» አልኩት። እንኳን አልኩት፣ ዛሬም እኮራበታለሁ።

በማግስቱ ጓድ አበራ መጣ፣ ሽፍት የሚቀያየረውም ሠራተኛ በሩ ላይ ተሰበሰበ። ዋናውን ማብሪያ አጠፋሁ፣ ፊውዞቹን ነቅዬ ለጓድ አበራ በእጁ አስያዝኩት። የዘበኛው ቤት አምፖል ድርግም አለ።

«አሁን ይሄ ተራ ብረት ነው» አልኩት።

ብዙ አልቆየንም። ጠጠሩ ተንኮሻኮሸ፣ እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ሁሉም ሰምቷል። ጭስስ አለ አየሩ። የናፍታ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ከዚያ ዘንጉ፣ ሞተሩ ትንፍሽ ሳይል፣ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ባለ ተሳቢ መኪና ለማለፍ የሚፈጅበትን ያህል ቆየ፣ ልክ እኔ እንዳስተካከልኩትም በቀስታ ወረደ።

«ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉ አባ ይመር፣ መሬቱን እያሳዩን። ከዘንጉ ወደ ውስጥ፣ በደረቁ ሲሚንቶ ላይ፣ እርጥብ የጎማ ዱካ ተዘርግቷል፣ ቀይ ጭቃ አለበት። ወደ መጋዘኑ ይሄድ ይሄድና ግቢው መሃል ላይ ቀጥ ይላል።

ጓድ አበራ ጎንበስ ብሎ ጭቃውን ነካ፣ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ፊውዞቹን መለሰልኝ። «ማሽኑ ደህና ነው፣ ሁሉም ወደ ሥራው» አለ። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ በር ቃል ሲተነፍስ አልሰማሁም።

ሰዉ ሲበተን ዘሐራ ቀረች። የጥጡ ብናኝ ሻርፗ ላይ እንዳለ ነው።

«ወንድም ጋሼ፣ ገባ ወይስ ወጣ?» አለችኝ።

ዱካውን አየሁት። «ገባ» አልኳት።

«አልሃምዱሊላህ» አለች፣ አላለቀሰችም። ዱካው ያቆመበት ድረስ ሄደች፣ የሾፌሩ በር በሚሆንበት በኩል ቆመች፣ ሻርፗን አራገፈች፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ያለችውን ግን አልሰማሁም። ከዚያ ወደ ፈትል ክፍሏ ገባች።

ማሽኔ ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ጊዜ በራሱ አልተነሳም፣ ጡረታ እስክወጣም ሳይበላሽ ሠራ፣ በዚህ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ። ሰዉ «እንድሪስ ቤቱ ገባ፣ አረፈ» አለ፣ ዘሐራም ይህንኑ ይዛ ኖረች፣ ደግ ነው። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ያ የገባው ነገር ሲወጣ አላየሁም። ዱካው ያቆመበትን ቦታ ሠራተኛው ሁሉ፣ ማንም ዙሩ ሳይለው፣ ዞሮ ነበር የሚያልፈው፣ እኔም ጭምር። አንድ ቀን ጠዋት ታዲያ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ሰዓት፣ ሰው አለመኖሩን አይቼ ጎንበስ አልኩና ሲሚንቶውን በመዳፌ ነካሁት፣ ሞቆ ነበር፣ ሞተሩ ያልጠፋ መኪና ሥር እንዳለ መሬት።