ሠላሳ አንድ ኪሎ

ጀልበኛው አብዱረሕማን በጥቅምት አንድ ጠዋት፣ ጓንግ ወንዝ ዳር በታሰረችው ጀልባው ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ማጅራቱን ተመትቷል። ኢንስፔክተር መነን ከመተማ ዮሐንስ እስክትደርስ ቤንዚን ነጋዴው ባንተአምላክ በካቴና ታስሮ ጠበቃት፤ ሟቹ ቤንዚን ትቶ የኤሌክትሪክ ሞተር ሲያስገጥም «ታገኛታለህ!» ያለውን ገበያው ሁሉ ሰምቷል። አገሬው ፈርዶ ጨርሷል። መነን ግን የቸኮለ ፍርድ አይጥማትም።

«ጫማው ለምን እግሩ ላይ አለ?» አለች።

የሟቹ ሚስት ሐቢባ ቀና አለች። «ወላሂ፣ በጫማ ጀልባው ላይ አይወጣም። እዚያው ይሰግድባታል።»

«እንግዲያው የሞተው የብስ ላይ ነው። እዚህ ያስተኛው ሌላ ሰው ነው።»

ከሟቹ ኪስ ወረቀት ወጣ። ለወራት ሲያሰላ ኖሯል፦ ቤንዚን በየቀኑ ገንዘብ ይበላል፤ የእርሳስ ባትሪ ርካሽ ነው፣ ግን ከባድ ነው፣ ቶሎም ይሞታል፤ ሊቲየም ውድ ነው፣ ግን አሥራ ሁለት ኪሎ ብቻ፣ ለዓመታትም ያገለግላል። ሊቲየሙን አክብቦበታል። ከሥሩ በራሱ የእጅ ጽሑፍ፣ በቀይ እስክሪብቶ «31» ይላል።

«ባትሪውን ማን ገዛው?»

«እኔ» አለ ሷሊህ፣ የሟቹ የልጅነት ጓደኛና የሰሊጥ መጋዘን ባለቤት። ከጠዋት ጀምሮ እንባው አልደረቀም። «ሐቢባ ወርቋን ሸጣ ሰጠችኝ፤ ጎንደር ወጥቼ ሊቲየሙን አመጣሁ። ትናንት ጠዋት ራሴ ገጠምኩለት።»

«ከዚያ ወዲህስ አይተኸዋል?»

«አላየሁትም። መጋዘኑም ከትናንት ቀትር ጀምሮ ዝግ ነው፤ ብቸኛው ቁልፍ ይኸው።»

መነን ሁሉንም ይዛ ወደ መጋዘኑ ሄደች። ሁለት ፖሊሶች ከጀልባው የፈቱትን ባትሪ የሰሊጥ ሚዛኑ ላይ አሳረፉት። ሠላሳ አንድ ኪሎ። ከሚዛኑ ጎን ቀይ እስክሪብቶ በሲባጎ ተንጠልጥሏል።

የሷሊህ እንባ ቆመ።

«ይህ የእርሳስ ባትሪ ነው» አለች መነን። «ርካሹን ገዝተህ የውዱን ስም ለጠፍክበት፤ ልዩነቱን ኪስህ ከተትክ። አብዱረሕማን አመሻሹ ላይ ሲያነሳው ከበደው፤ ሊያስመዝን መጣ። በዚህ ዳርቻ ሌላ ሚዛን የለም፣ ቁልፉም ያለው አንተ ጋ ብቻ ነው። ቁጥሩን ሲጽፍ ከኋላው የቆምከው አንተ ነህ። ባንተአምላክ እንዲጠረጠርልህ ባትሪውን ቦታው መልሰህ፣ እሱን ጀልባው ውስጥ አስተኛኸው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፤ ከልጅነትህ አብረኸው ስትሰግድ ኖረህ ጫማውን ረሳህ!»

«እለፈኝ ብዬ ለምኜው ነበር» አለ ሷሊህ ወለሉን እያየ። «‹ለሐቢባ ሳልነግር አላድርም› አለኝ።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከባንተአምላክ እጅ ፈትቶ ለሷሊህ አጠለቀለት።

ሐቢባ አላለቀሰችም። «‹ወርቅሽን ከሸጥሽማ ጎንደር ራሴ እወጣለሁ› ብሎኝ ነበር» አለች። «‹ለምን ትደክማለህ፣ ሷሊህማ ወንድምህ አይደል?› ብዬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ።»