በቀላሉ የወጣው ውታፍ

ኢንስፔክተር ዋፊቃ አስከሬኑን ስታይ ደብተሯን መግለጥ አቃታት። ከመጋዘኑ ደረጃ ሥር፣ ጭንቅላታቸው ተፈንክቶ የተዘረጉት ጋሽ ኤልሳዕ ኬሚስትሪ ያስተማሯት ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ሐረር ከግንቡ ውጭ ባለው በዚህ የላቦራቶሪ ኬሚካል ማዘጋጃ ድርጅት ውስጥ ጥራት ይቆጣጠሩ ነበር።

ፖሊሶቹ ቀድመዋት ቀማሚውን ሙባረክን በካቴና አስረውታል። ትናንት አመሻሽ ላይ ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰምቷል። የጭቅጭቁ መነሻ ሆስፒታሎች ቆሽሿል ብለው የመለሱት የኮስቲክ ሶዳ ብጥብጥ ነው።

«ወላሂ ጥፋቱ የቅመማዬ አይደለም» አላት። «ኮስቲክ ሶዳ መስታወት ይበላል፣ የበላውም ውስጡ ይቀራል። በፕላስቲክ እናሽግ ብዬ ለምኛለሁ። ጋሽ ኤልሳዕም እውነቱን ለማየት ከወር በፊት ከንጹሑ ብጥብጥ አንዱን በፕላስቲክ፣ አንዱን በመስታወት ጠርሙስ አስቀመጡ። ዛሬ ሊከፈቱ ነበር።»

የድርጅቱ ባለቤት ሶፍያ ድሬዳዋ አድራ ጠዋት ነው የገባችው፤ አብረዋት የሄዱት ሁሉ መስክረውላታል። የመስታወቱ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ጥፋተኛው ሙባረክ ነው አለች። ለመግደል ምክንያት ነበረው ማለት ነው።

የቀሩት አሻጊው ጋሽ አባይነህ ናቸው። ሃያ ዓመት አልኮል ያሸጉ፣ ኮስቲክ ሶዳ ግን ዘንድሮ የጀመሩ የሟቹ የልብ ወዳጅ። ዓይናቸው በለቅሶ አብጧል። ዋፊቃ የመስታወቱን ጠርሙስ አንስታ ማን እንዳሸገው ጠየቀቻቸው።

«በገዛ እጄ ነው ልጄ፣ ከወር በፊት። ከዚያ ወዲህ የነካው የለም። ውታፉ ላይ የማስረውን የክር ቋጠሮ አስመስሎ የሚያስር ሰው ሐረር ውስጥ አታገኚም።»

ሁሉንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ክሩን ቆርጣ፣ ሰሙን ፍቃ፣ የመስታወቱን ውታፍ በሁለት ጣቷ ሳበችው። ሳይታገላት ወጣ። ጋሽ አባይነህ እፎይ አሉ፤ ሙባረክ ግን «ይሄ ሊሆን አይችልም!» አለ።

«ጋሽ ኤልሳዕ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ጠርሙስ ሰጥተውን ነበር» አለች ዋፊቃ። «ሳምንት ብቻ የቆየ ነው፤ ከተማሪዎቹ ማንም ውታፉን ሊያወጣው አልቻለም። ኮስቲክ ሶዳ የመስታወት ውታፍን ከአንገቱ ጋር ያጣብቀዋል። ይህ ወር ቢቆይ ኖሮ አይወጣም ነበር፤ የተሞላው ትናንት ማታ ነው። ሶፍያ አልነበረችም። ሙባረክን ደግሞ ነጻ የሚያወጣው የተበላሸው ናሙና ነው፤ ለምን ይቀይረዋል? እንደገና ያሸገውም ቋጠሮውን ማንም አስመስሎ የማያስረው ሰው ነው።»

ጋሽ አባይነህ ሳጥን ላይ ተቀመጡ። «ትናንት ማታ ቀድሞ ሊከፍተው ሞከረ፤ ውታፉ እንቢ ሲለው ገባው። ያበላሸነው እኛ ነን፣ ለሆስፒታሎቹ ልጽፍ ነው አለኝ። በመስታወት ይሁን ያልኩት እኔ ነበርኩ፤ ፕላስቲክ ለዘይት ነው ብዬ። ሃያ ዓመት አንድ ጠርሙስ አልተመለሰብኝም። አትጻፍ ብዬ እጁን ያዝኩት፣ መንጭቆ አስለቀቀኝ። ገፋሁት።»

«ሙባረክስ በእርስዎ ፈንታ ሲታሰር ለምን ዝም አሉ?» አለች ዋፊቃ።

«እሱ ወጣት ነው» አሉ። «ቢታሰርም ይወጣል ብዬ...»

ሙባረክ ካቴናው ሲፈታለት ማንንም ሳያይ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ዋፊቃ አቦከር ሰፈር ለቅሶ ቤት ደረሰች። የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ገላነሽ ገዳዩን ማን ነው ብለው አልጠየቋትም።

«አባይነህን አላየሽውም?» አሏት። «እንግዳው በዛ፣ እኔን የሚደግፈኝም እሱ ነው። ቶሎ ና በይልኝ።»