ከዝርዝሩ አናት ላይ ያለው ፋይል

«አንተ ነህ ያጠፋኸው! ከአንተ ሌላ ማን ነካው?»

በኮምፒውተር ክፍሉ ያሉ ሃያ ሁለት ተማሪዎች ከየስክሪናቸው ቀና ብለው ሹክሹክታን አዩት። ልጁ ይህ ቅጽል የወጣለት ድምፁ ከከንፈሩ ስለማያልፍ ነው። አሁንም አንድ ነገር ተናገረ፤ የሰማው ግን የለም።

የጮኸችው በጥድፊያዋ «ሞተር» የሚሏት የመጽሔት ክበቡ ገጽ አቀናባሪ ነበረች። ሳምንቱን ሙሉ አስራ ስድስት ገጽ ስታስውብ ሰንብታ፣ አሁን ፊቷ ያለው ባለፈው ሳምንት የሠራችው ሽፋን ብቻ ነው። የውስጥ ገጾቹ ባዶ ናቸው። የማተሚያ ቤቱ ሰውዬ ሄልሜቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በር ላይ ተቀምጧል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ማሽኑ ለሌላ ሥራ ይያዛል። ዛሬ ካልተወሰደ መጽሔቱ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ አይደርስም።

«የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» አለች መምህርቷ ትከሻዋን እየነካች። «ሽፋኑን አስተካክዪና አስቀምጪው። የሽፋኑ አራት ገጽም ቢሆን ይውጣ።»

ሞተር እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ሽፋኑ ላይ ያለውን ቀን ቀየረች። ጣቷን ወደ ማውዙ ሰደደች።

«ሴቭ እንዳታደርጊ!»

ሁሉም ዞሩ። የጮኸው ሹክሹክታ ነበር። ራሱም በድምፁ የደነገጠ ይመስል ጆሮው ቀላ።

«ትናንት ፎቶ ላስገባ ብዬ ከፎልደሩ ከፈትኩት። አሮጌ መሰለኝ፤ ምንም ሳልነካ ዘጋሁት። አንቺ ከየት ነው የምትከፍቺው?»

«በቅርብ ከተከፈቱት ዝርዝር ነዋ! ከላይ ያለውን።»

«ከላይ ያለው አሁን እኔ የከፈትኩት ነው። ከሥሩ ያለውን እይው እስቲ።»

ከሥሩ ሌላ ፋይል አለ፤ ስሙ ያው ነው። ማውዙን ስታስጠጋው ያለበት ቦታ ተዘርግቶ ታየ፤ ባክአፕ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው። ሞተር አሁን ትዝ አላት። ሰኞ ዕለት መብራት ድንገት ሲጠፋ፣ ሥራዋን ለማዳን ፕሮግራሙ ራሱ የሚያስቀምጠውን መጠባበቂያ ቅጂ ከፍታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩ እሱኑ እያቀበላት ሳምንቱን ሙሉ ስትሠራ የኖረችው ቅጂው ላይ ነው። ዋናው ፋይል ሴቭ በተደረገ ቁጥር ደግሞ ፕሮግራሙ ያንን ቅጂ በአዲስ ይተካዋል።

«ሴቭ ባደርገው ኖሮ...»

«ድራሹ ይጠፋ ነበር» አለ ሹክሹክታ፣ ወደ ዱሮ ድምፁ ተመልሶ።

ዋናውን ሳታስቀምጥ ዘጋችው። ሁለተኛውን ከፈተች። አስራ ስድስቱ ገጽ ከነቀለማቸው፣ ከነፎቶአቸው ቦግ ብለው መጡ! ክፍሉ በጩኸት ተናጋ፤ ጠረጴዛ የደበደበም አልጠፋ። ወዲያው በአዲስ ስም አስቀመጠችው፤ ፍላሹ ላይ ገልብጣም ለማተሚያ ቤቱ ሰውዬ ሰጠችው።

«እናንተ ልጆች እኔንም አላባችሁኝ እኮ!» ብሎ ሄልሜቱን አጥልቆ ወጣ።

መምህርቷ ሳቀች። «ታዲያ የተሳሳተው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ ቲቸር።»

ቀስ ብላ ስለተናገረች የሰሟት መምህርቷና ሹክሹክታ ብቻ ነበሩ። ሹክሹክታ «ይብቃ፣ ምን ችግር አለው» የሚል ዓይነት እጁን አወዛወዘ። ተማሪዎቹ ወደየሥራቸው ተመልሰዋል። ሞተር አንድ በአንድ አየቻቸው። ስትወነጅለው ሃያ ሁለቱም ሰምተዋል።

ወንበሯን ወደ ክፍሉ መሃል ጎትታ ወጣችበት።

«ስሙኝማ!» አለች፣ ቅድም በጮኸችበት ድምፅ።