የሚመጣው ባዳ አይደለም

ባለ ወፍጮው ወልደአማኑኤል የሞተው የወፍጮው ጩኸት ሰፈሩን በሞላበት ከሰዓት በኋላ ስለነበር ተኩሱን የሰማ ሰው አልተገኘም። መቶ አለቃ ገርባ ሲደርስ ሟቹ ሳሎኑ ውስጥ ትልቁ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ነበር። አንገቱ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል። ቀኝ ጆሮ ግንዱ ላይ የባሩድ ጥቁረት አለ። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ አርፏል፤ ከጣቶቹ ሥር አንድ ማካሮቭ ሽጉጥ ወድቋል።

በር ላይ የተሰበሰቡት ጎረቤቶች ሁሉ «ራሱን አጠፋ» ይላሉ። ገርባ ሁሉም ሰው አንድ ነገር ሲል ደስ አይለውም። ጀርመን አገር ምርመራ ሲማር መምህሮቹ ቤተ ሙከራውን እንዲያምን ነግረውት ነበር። ናዝሬት ከተመለሰ ወዲህ ግን ቤተ ሙከራ ቀርቶ የሚሠራ ማጉያ መነጽር እንኳ አላገኘም። የቀሩት ዓይኑና ጥርጣሬው ብቻ ናቸው፤ ከሁለቱም ቢሆን ጥርጣሬውን አብዝቶ ይጠራጠረው ነበር።

ስለዚህ ቆሞ አየ። የሟቹ ጫማ ማሰሪያ የለውም። ሸሚዙ የሚዘጋው በቁልፍ ቀዳዳ ሳይሆን ሲጫኑት ጠቅ በሚል ብረት ነው። ከቀኝ አውራ ጣቱ ሥር እስከ አንጓው የወረደ የቆየ ጠባሳ አለ። ጋቢው በሥርዓት ታጥፎ ከጎኑ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ አንዲት የደም ጠብታ የለበትም።

በማግስቱ ጠዋት አስከሬኑ ከሐኪም ቤት ሲመለስ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። ሮማነወርቅ፣ የሟቹ ሚስት፣ ከአክስቷ ተዝካር ከሁሩታ የተመለሰችው በዋዜማው ሲመሽ ነው። ከነፍስ አባታቸው ፊት ቆማ ነበር።

«አባ፣ ሃያ ዓመት ንስሐ የሰጡትን ሰው እንደ ውሻ ልቅበረው?»

«ልጄ፣ ሕጉን እኔ አላወጣሁትም» አሉ ቄሱ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው። «ራሱን ላጠፋ ፍትሐት የለም። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢም አይገባም።»

ገርባ ተጠጋ። «አባ፣ ራሱን ባያጠፋስ?»

«ያንን አንተ ንገረኝ እንጂ። ግን ሬሳ አይጠብቅም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት።»

የገርባ አለቃም በስልክ ከዚያ ያነሰ ጊዜ ነበር የሰጡት። «ራሱን ገድሏል ብለህ እስከ ቀትር ዝጋው። ሻምበል ኃይለየሱስ የሟቹ ሚዜ ነው፤ ሰውዬውን በሐዘኑ ላይ አታንገላታው።»

ገርባ ሮማነወርቅን ድንኳኑ ጥግ አስቀመጣት።

«እትዬ፣ ሽጉጡን መቼ ነው የገዛው?»

«ከገና በኋላ። ሌቦች የወፍጮውን ማዞሪያ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ወስደው ዘበኛውን ደብድበው ሲሄዱ። እንቅልፍ አጣ። ለቤቱም፣ እህል ሊገዛ ሲወጣም ወገቡ ላይ የሚይዘው ነገር ፈለገ። በዕድሜው መሣሪያ ነክቶ አያውቅም።»

«ማን መረጠለት?»

«እኔ ምኑን አውቄ። አንድ ቀን ከሹፌሩ ወዳጁ ከሽኩር ጋር፣ አንድ ቀን ከኃይለየሱስ ጋር። ለፋሲካ በግ የሚያማርጡ ነበር የሚመስሉት።» ፈገግ ልትል ነበር፤ ተወችው። «እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው። ቤት ውስጥ ጥይት ጎርሶ እንዳይቀመጥ። ማለልኝ።»

«መሐላውን ይጠብቃል?»

«እሱ? ሞኝ እስኪባል ድረስ።»

«በዚያ ሰሞን እንግዳ መጥቶ ነበር?»

«የታናሽ ወንድሙ የእስር ቤት ጓደኛ። ወንድሙ በሰባ ዓመተ ምሕረት ተወስዶ አልተመለሰም። ሰውዬው አሁን ተፈቶ መጣ፤ ሁለቱ ተቃቅፈው አለቀሱ። ከተማው ሁሉ ሰምቷል።»

«ቀኝ እጁን ምን ሆኖ ነው?»

ሮማነወርቅ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «የድሮ ጠባሳ ነው» አለች፤ ከዚያ በላይ አልተናገረችም። የሞተ ባሏን ምሥጢር እየጠበቀች መሆኑ ገባው። ምሥጢሩ ሟቹን አሁን ምን እንደሚጠቅመው ግን አልገባውም።

ተሻለች፣ የቤቱ ሠራተኛ፣ ጓዳ ውስጥ ቲማቲም ትከትፋለች።

«ትናንት የት ነበርሽ?»

«ጋሼ ሥጋ ግዢ ብለው ላኩኝ። ሰው ይመጣል አሉ።»

«ማን?»

«ስም አልጠሩም። እኔ ጋቢያቸውን አመጣሁላቸው። እንግዳ ሲመጣ ያለ ጋቢ ተቀምጠው አያውቁም፤ ሙቀቱ ገዳይ ቢሆንም። ትናንት ግን ‹ተይው፣ የሚመጣው ባዳ አይደለም› አሉኝ። አጥፌ አስቀመጥኩት።»

«ሸሚዛቸውስ? ሁሉም እንዲህ ጠቅ የሚል ነው?»

«እትዬ ናት ቁልፉን ሁሉ የምትቀይረው። ምነው፣ እሱም ወንጀል ነው?»

«አይደለም» አለ ገርባ። «ቲማቲምሽን ቀጥዪ።»

ሽኩርን መናኸሪያው አጠገብ፣ ከጭነት መኪናው ሥር አገኘው። እግሩ ብቻ ይታያል።

«አካም ጅርታ፣ አቶ ሽኩር?»

«ደህና ነኝ እንዳልል ወዳጄን እያስገነዛችሁ ነው።» ወጥቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ዓይኑ ቀልቷል። «ስለ ሽጉጡ ልትጠይቀኝ ከሆነ፣ ያኛው የእኔ ምክር አይደለም። እኔ የአባቴን ሪቮልቨር ነው ላስይዘው የነበረው። የጣሊያን ጊዜ ነው፤ ፈቃድ አለው።»

«ለምን እሱን?»

«ለጀማሪ ከዚያ የተሻለ የት ይገኛል? ጥይቱ በሚሽከረከረው ክብ ቤት ውስጥ መጉረሱን በዓይንህ ታያለህ። ደንግጠህ ምላጩን ብትስብ ይተኩሳል፤ ሌላ ጣጣ የለውም። ሌባ በር ሲሰብር ትምህርት የሚያስታውስ ማን ነው? ወንጂ መንገድ ላይ፣ ከሸንኮራው ወዲያ ወስጄ አስሞከርኩት። በሁለት እጁ ይዞ ያቆምኩለትን ጣሳ ሁለቴ መታው። ‹እንደ ሕፃን ጡጦ በሁለት እጅህ አትያዘው› ብዬ ሳቅሁበት።»

«እሱስ?»

«አብሮኝ ሳቀ። ጋቢውን እንደለበሰ እኮ ነው የተኮሰው። በዚህ ሙቀት ጋቢ! ደብረ ብርሃን ያለ ነበር የሚመስለው። ሰላም ሲለኝም ክንዱን ነው የሚሰጠኝ። ‹ሀብታም ስለሆነ ኮራ› ብዬ ትቼዋለሁ።»

«ታዲያ ሪቮልቨሩን ለምን ተወው?»

«ኃይለየሱስ። ‹ይሄ ዝገት እጅህ ላይ ይፈነዳል› አለው። ወታደር ሲናገር የሹፌር ምክር ምን ዋጋ አለው?»

ገርባ ሪቮልቨሩን ተውሶ ወደ ሸንኮራው ዳር ወጣና ተኮሰው። እንደ ሰዓት ይሠራል።

ኃይለየሱስ ቢሮው ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ጡረታ የወጣ ሻምበል ነው፤ ከጦሩ በፊትም በኋላም የከተማው ባለ ሥልጣን። ፊቱ በእንቅልፍ እጦት አብጧል፤ ሐዘኑ የውሸት አይመስልም። ገርባን ያስጨነቀውም ይኸው ነው።

«ከልጅነት ጀምሮ አብረን ነን» አለ ኃይለየሱስ። «ወፍጮው አንድ ጊዜ ቺንጋ ውስጥ ሲጎትተው ደሙ እየፈሰሰ ተሸክሜ ሐኪም ቤት ያደረስኩት እኔ ነኝ። ጀርባዬ ላይ ነው ያለቀሰው።»

«ማካሮቩን እርስዎ መረጡለት?»

«ራሱ ነው የመረጠው። እኔ ፈቃዱን አስወጣሁለት እንጂ። ጠፍጣፋ ነው፣ ከኮት ሥር አይታይም። ሁልጊዜ ለሚይዘው ሰው ይመቻል።»

«መያዝስ ያውቅ ነበር? ሚስቱ እንደምትለው ጥይቱ ከካዝናው አልፎ አይገባም ነበር። ስለዚህ ሲሞት አቀባብሎታል ማለት ነው።»

ኃይለየሱስ ትንሽ አሰበ። «ያውቃል እንጂ። ሜዳ ወስጄ አስተምሬዋለሁ። በቀኝ እጁ ማቀባበያውን ቆንጥጦ ሲስብ ብታየው የእኔ ምልምል ነበር የሚመስለው።»

«ትናንትስ ቤቱ ሄደው ነበር?»

«አልሄድኩም። ብሄድ ኖሮ ይሞት ነበር?»

ገርባ አመስግኖ ወጣ። ደረጃው ላይ ቆሞ የራሱን ሽጉጥ ካዝና አወጣ፤ አውራ ጣቱን ወደ መዳፉ አጠፈና በሌሎቹ ጣቶች ማቀባበያውን ሊስብ ሞከረ። አልቻለም። እጅ ቀይሮ ሞከረ፤ ሽጉጡ ከመዳፉ ሾልኮ ደረጃው ላይ ወደቀ። አንድ የሚያልፍ ተላላኪ በጥርጣሬ አየው።

ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ሁሉንም ሳሎኑ ውስጥ ሰበሰበ። ሮማነወርቅ፣ ተሻለች፣ ሽኩር፣ ኃይለየሱስ፣ ቄሱ። ሬሳው ተገንዞ በቀጣዩ ክፍል ነው። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ።

«አለቃህ ይህን ስብሰባ ያውቃል?» አለ ኃይለየሱስ።

«እስከ ቀትር ዝጋው ብለውኝ ነበር። ዘግይቻለሁ።» ገርባ ወደ ሮማነወርቅ ዞረ። «እትዬ፣ ይህን ጥያቄ ሰው ፊት ስጠይቅሽ ይቅርታ። ካልመለሽልኝ ግን ባልሽ ፍትሐት የለውም። የቀኝ አውራ ጣቱ ይታዘዘው ነበር?»

ቄሱ ቀና አሉ።

«አይታዘዘውም» አለች በመጨረሻ። «ቺንጋው ከጎተተው ጀምሮ ሙት ነው። ቁልፍ መቆለፍ አይችል፣ ክር ማሰር አይችል። እንጀራውን የምቆርስለት እኔ ነኝ። ባለ ወፍጮ ሽባ እንዳይሉኝ ብሎ ጋቢ ለበሰ። እንዳልናገር አስምሎኝ ነበር።»

ሽኩር እጁን አፉ ላይ ጫነ። «ጡጦ ብዬ ሳቅሁበት» አለ ለራሱ።

ገርባ ባዶውን ማካሮቭ አነሣ። «ይህ ሽጉጥ የመጀመሪያውን ጥይት የሚጎርሰው ማቀባበያው ወደ ኋላ ሲሳብ ነው። ስፕሪንጉ ጠንካራ ነው። አንዱ እጅ መያዝ፣ ሌላው ቆንጥጦ መሳብ አለበት። አውራ ጣት የሌለው ሰው አይችልም፤ ሞክሬዋለሁ። በሪቮልቨሩ ግን ምላጭ ብቻ ይበቃዋል፤ ጣሳውን የመታውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ወልደአማኑኤል በዚህ መሣሪያ ራሱን አልገደለም። ሌላ ሰው አቀባብሎ ተኮሰበት።»

«ምናልባት ቀደም ብሎ አንድ ሰው አቀባብሎለት ይሆናል» አለ ኃይለየሱስ በቀስታ። «ሽኩር ይችላል። ዘበኛውም።»

«አስቤበት ነበር። እንዲያ ከሆነ ግን እርስዎ ጠዋት ለምን ዋሹኝ? በቀኝ እጁ ቆንጥጦ ሲስብ አየሁት አሉኝ። ያላዩትን አየሁ ያሉት ራስን የማጥፋቱ ወሬ ያለዚያ ስለማይቆም ነው። ከዚህ ቤት ውጭ እጁን የሚያውቅ ሌላ ሰው አለመኖሩን ተማምነው ነበር።» ወደ ተሻለች ዞረ። «ጋሼ ትናንት ምን አሉሽ?»

«‹የሚመጣው ባዳ አይደለም› አሉኝ።»

«ከባዳ ፊት ሁሉ እጁን በጋቢ ይሸፍናል። ከሽኩር ፊት እንኳ፣ በዚያ ፀሐይ። ትናንት ግን እጁን ሳይሸፍን ተቀመጠ። እጁን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። ሚስቱ ሁሩታ ነበረች። ሌላው በጀርባው ተሸክሞ ሐኪም ቤት ያደረሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ኃይለየሱስ ዞሩ።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም» አለ ገርባ፤ ድምፁም ዝቅ አለ። «ጣቱን እያወቁ የሚሠራለትን ሪቮልቨር አስጥለው ይህን አስያዙት። ሊተኩስ የማይችለውን። የሚጠብቀው ሽጉጥ ለፈለገ ሰው መርጠው ባዶ ብረት ሰጡት። ለምን?»

«ለእኔ ነው የገዛው፤ ሊገድለኝ» አለ ኃይለየሱስ። ቃሉ ሳያስበው ወጣ፤ ከወጣ በኋላ ግን ሊመልሰው አልሞከረም። «ያ ሰውዬ ከእስር ወጥቶ መጣ፤ በሳምንቱ ሽጉጥ ምረጥልኝ አለኝ። እኔን። ምን ልበል? ወንድሙን ያስያዝኩት እኔ እንደሆንኩ ሰምቷል አልኩ። የማይተኩሰውን መረጥኩለት። ከዚያም ቢሆን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንድ ቀን የሚያቀባብልለት ሰው ያገኛል እያልኩ... ትናንት ሽጉጡን አምጣና ልይልህ ስለው ራሱ አቀበለኝ።»

ሮማነወርቅ ተነሣች። ወደ ሰውዬው ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ያ ሰውዬ የነገረው አዲስ ነገር የለም። ወልዴ ወንድሙን ከወሰዱት ቀን ጀምሮ ያውቅ ነበር።»

«ያውቅ ነበር?»

«ሰርጌ ላይ አንተ ነህ ክንዱን ይዘህ ያስገባኸው። ደሙ ጀርባህ ላይ ፈሷል። ‹ሮማን፣ አንዱን ወንድሜን አጣሁ፤ ሁለተኛውን በገዛ እጄ አላጣም፤ አላወቅሁም ብያለሁ› አለኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ከዚህ ገበታ አብሮህ በላ። ሽጉጡ ለሌባ ነው፣ ኃይለየሱስ። አንተን እኮ የጠራህ ሌባ ፈርቶ ነው።»

ኃይለየሱስ ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያያቸው ጀመር። ፖሊሶቹ አነሥተው ወሰዱት። ገርባ ጉዳዩ ከአለቃው ጠረጴዛ ያልፍ ይሆን ብሎ ተጠራጠረ። ሰውዬውን ነገ ከነገ ወዲያ መንገድ ላይ ሊያየው ይችላል። ቄሱ ግን ቆመው መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ።

«ፍትሐቱን እጀምራለሁ» አሉ።

ቃሬዛው ሲነሣ የቅርብ ሰዎች በየማዕዘኑ ያዙ። የፊት ቀኙ የሚዜው ቦታ ነው። ባዶ ሆነ። ሽኩር ጫማውን አስተካክሎ ወደዚያ ሄደ፤ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ብቻ ልሸከመው አለ። ሮማነወርቅ ክንዱን ያዘችው።

«አንተ ከኋላ ያዝ፣ ወንድሜ። ያንን ተወው። ሰው ይየው።»

ሦስት ማዕዘን ብቻ የተያዘው ቃሬዛ ወደ ቀኝ አዘነበለ። ተሸካሚዎቹ ትከሻቸውን አስተካከሉ፣ ቀጥ አደረጉት፤ ጥቂት እንደሄዱ ግን እንደገና አዘነበለ። እንደዚያው ሆኖ የናዝሬትን ዋና መንገድ ተሻገረ። ባለ ሱቆቹም ሁሉ በየበራቸው ቆመው ማን እንደጎደለ አዩ።